ክሬም የለንም ለምትሉ፤ ስለ ነጭ ፓስታ የመጡ ጥያቄዎች

ባለፈው እትም ስለ ቀይ ስጎ ከጻፍኩ በኋላ ከመጡልኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ቀዩ አይደሉም፤ «ነጩንስ?» የሚሉ ናቸው። በወተት ወይም በክሬም የሚሠራውን፣ አትክልትና ሥጋ የገባበትን ፓስታ በሆቴልና በሠርግ ቤት ያየ ሁሉ በቤቱ ሊሠራው ፈልጓል። ገሚሱ ሞክሮ ተናዷል። የዛሬው ገጽ በሙሉ ለእርሱ ነው። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥሬአቸዋለሁ፤ ስድቡን ግን አልነካሁም።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። እኔና ባለቤቴ መምህራን ነን። ቤት የምንደርሰው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ልጆቹ ደግሞ ሁለት ሰዓት ላይ መተኛት አለባቸው። ያለን አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃና አንድ የከሰል ምድጃ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ከሰሉ ብቻ ይቀራል። የታሸገ ክሬም ዋጋው አይቀመስም። ክሬም ሳይኖር ቶሎ የሚደርስ ነጭ ፓስታ፣ በአትክልትና በሥጋ፣ እንዴት አድርጌ ልሥራ?»
ሁለት ልጆች ያሏት እናት፣ ከደብረ ብርሃን

እህቴ፣ የታሸገውን ክሬም እርሺው። ደጋ ላይ ተቀምጠን፣ የአገራችን ወተት በየማለዳው በመኪና ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ እያየን፣ ከባሕር ማዶ በካርቶን የመጣ ክሬም ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ መዞራችን አይገባኝም። በነጭ ፓስታ ላይ የምታዪው ልስላሴ የሚመጣው ከሦስት ነገር ነው፤ ከወተት፣ በቅቤ ከበሰለ ጥቂት ዱቄት፣ እና ፓስታው ከተቀቀለበት ውሃ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲገናኙ ቤሻሜል የሚባለው ነጭ ስጎ ይሆናሉ፤ በላዛኛ ንብርብር መካከል የሚፈሰው እርሱ ነው። ሦስተኛውን ግን ሰው ሁሉ ይደፋዋል። ፓስታ ሲቀቀል ስታርቹ እየወጣ ውሃውን ያደፈርሰዋል፤ ያ የደፈረሰ ውሃ ነው ስቡን ከወተቱ ጋር አስማምቶ ስጎውን በፓስታው ላይ የሚያጣብቀው። እርሱን የደፋች ሴት የተሻለ ክሬም ብትገዛም ሳህኗ ላይ ፓስታው ለብቻው፣ ስጎው ለብቻው ይተኛሉ።

ለአራት ሰው 400 ግራም ፔኔ ወይም መኮረኒ ይበቃል። ስፓጌቲም ይሆናል፤ ልጆች ላሉበት ቤት ግን አጭሩ ይሻላል፣ ቀዳዳው ውስጥ ስጎ ስለሚገባ ካሮቱንም ሳያውቁት ይበሉታል። ሥጋው 300 ግራም ይሁን፤ ከጭቅና ወይም ከሽንጥ አስቆርጪ። ለወጥ የሚሆን ጠንካራ ሥጋ በሃያ ደቂቃ አይለሰልስም፣ ምንም ብታደርጊው። ኪስሽ ለሽንጥ ካልፈቀደ ባለ ሉካንዳው ይፍጭልሽ፤ የተፈጨ ሥጋ ከየትም ይምጣ ቶሎ ይደርሳል። አትክልቱ ሁለት ካሮት፣ አንድ ባሮ ሽንኩርት፣ አንድ እስር ቆስጣ፣ ሦስት አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ እሸት በደረሰበት ወቅት ደግሞ አንድ ሁለት እፍኝ የተፈለፈለ የአተር እሸት ነው። እሸት ከሌለ ፎሶሊያ። ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ለጋ ቅቤ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ ሊትር ፈልቶ የበረደ ወተት። ቅቤው ያልተነጠረ ይሁን ያልኩሽ አውቄ ነው። ኮሰረትና ኮረሪማ የገባበት ቅቤ ለክትፎ ክብር ነው፤ እዚህ ከገባ ግን ወተቱንም አትክልቱንም ውጦ ብቻውን ይናገራል።

አሁን እሳቱ። ከሁሉም ረጅም ጊዜ የሚወስደው ውሃ ማፍላት ነው፤ የደብረ ብርሃን የቧንቧ ውሃ ማታ ማታ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ አንቺም ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ጠዋት ለሻይ ስታፈዪ ፔርሙሱን ሙዪው። ማታ ከፍል ቢጎድልም ከቧንቧው ውሃ ይሻላል። «ለ100 ግራም ፓስታ 1 ሊትር ውሃ» ይባላል፤ ለ400 ግራሙ 3 ሊትር ይበቃሻል፤ እንዲያውም ውሃው አነስ ሲል ስታርቹ ይበረክትበታል። ፓስታው እንዳይያያዝ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች አማስዪው። ዘይት አትጨምሪበት፤ ዘይቱ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ስታንጠፈጥፊው ደግሞ ፓስታውን ቀብቶ ስጎው እንዲንሸራተት ያደርጋል። ጨው በአንድ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ከግማሽ ያህል፣ ሲፈላ።

መብራት ካለ ውሃውን በኤሌክትሪኩ ላይ ጥደሽ ስጎውን በከሰሉ ላይ ሥሪ፤ ከሰል ከረር ያለ እሳት ስለሚሰጥ ለሥጋው እርሱ ይሻላል። መብራት ከሌለና ከሰሉ ብቻ ከቀረሽ ስጎውን አስቀድሚ። ስጎ ተከድኖ ይጠብቃል፤ ፓስታ አይጠብቅም።

ሥጋውን ክሩን አቋርጠሽ ቀጭን ቀጭን አድርገሽ ከትፊ፣ በጨርቅ አድርቂው። መጥበሻው በደንብ ሲግል ጥቂት ዘይት፣ ከዚያ የሥጋውን ግማሽ ብቻ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከጨመርሽው ውሃ ያወጣና ከመጠበስ ይልቅ ይቀቀላል፤ ቡናማ ካልሆነ ደግሞ ለስጎው የሚያወርሰው ጣዕም የለውም። ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። አውጪው፣ ሌላውን ግማሽ ድገሚ፣ በሳህን ላይ አስቀምጪው፤ ከሥሩ የሚወጣውን ጭማቂ እንዳትደፊ። መጥበሻውን አትጠቢው።

እሳቱን ቀነስ አድርጊና ቅቤውን፣ ባሮ ሽንኩርቱንና ነጭ ሽንኩርቱን እዚያው ላይ ጨምሪ። ባሮው ሲልም ዱቄቱን ነስንሺበትና አንድ ሁለት ደቂቃ አማስዪ፤ የጥሬ ዱቄት ሽታው ሲጠፋ ወተቱን በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰስሽ ታማስያለሽ። የመጀመሪያዋ ጭልፋ ስትገባ ሊጥ ይመስላል፤ አትደንግጪ። ሁለተኛዋንና ሦስተኛዋን ስትጨምሪ እየላላ ይሄዳል። ወተቱን በአንድ ጊዜ የሚደፋ ሰው ነው የሚጓጉልበት። ከዚያ ፈላ ፈላ እንዲል ተዪው፤ ዱቄት ካልፈላ አይወፍርም፤ እያማሰልሽ አምስት ደቂቃ። የማማሰያውን ጀርባ ሸፍኖ ሲቀር አውርጂው።

ካሮቱንና አተሩን ለብቻቸው ለመቀቀል ሌላ ድስት አትፈልጊ። ካሮቱን በትንንሹ ከትፈሽ፣ ፓስታው ሊወጣ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ከአተሩ ጋር እዚያው ውሃ ውስጥ ጣዪው። ፓስታውን ልቡ ጠንከር እንዳለ፣ ከምትወጂው ልስላሴ ሁለት ደቂቃ አስቀድመሽ አንጠፍጥፊ፤ ከዚያ በፊት ግን ሁለት ጭልፋ ውሃ በኩባያ አስቀሪ። ይህን ረስተሽ ወንፊቱን ካነሳሽ የቀረው ሁሉ ልፋት ነው። ፓስታውን ወደ ስጎው፣ ሥጋውን ከነጭማቂው፣ በቀጭኑ የተከተፈውን ቆስጣ፣ አንድ ጭልፋ ከዚያ ውሃ። በቀስታ እሳት ሁለት ደቂቃ እያገላበጥሽ። መጥበሻው ላይ ላላ ብሎ ከታየሽ ልክ ነው፣ ሳህን ላይ ይሰበሰባል፤ መጥበሻው ላይ ልክ የሆነ ሳህን ላይ ይደርቃል። ቁንዶ በርበሬ፣ ካለሽ የገውዝ ፍቅፋቂ በጣት ጫፍ፣ እና ጦስኝ። ከመንዝና ከጣርማ በር ተራሮች የሚመጣውን ጦስኝ በሻይ ብቻ መጨረስ ግፍ ነው፤ ቆንጥረሽ በመዳፍሽ አሽተሽ ወተቱ ውስጥ ነስንሺውና ንገሪኝ።

በሁለት እሳት ግማሽ ሰዓት፣ በአንዱ ብቻ ወደ አርባ አምስት ደቂቃ ይወስድብሻል። «በአሥራ አምስት ደቂቃ የሚደርስ» የሚሉትን አትመኚ፤ እነርሱ አትክልቱን የሚከትፍላቸው ሰው አለ።

«እትዬ፣ እኔ የማበስል ወንድ ነኝ፤ ባለቤቴ ጤና ጣቢያ ተረኛ ስትሆን ራቱ የእኔ ነው። ሁለት ችግር አለብኝ። ፓኬቱ 9 ደቂቃ ይላል፣ በ9 ደቂቃ ሳወጣው ግን መሐሉ ጥሬ ነው። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ተመሳሳዩን ፓስታ ገዝታ ይበስልላታል። ሁለተኛው አማቴ ናቸው። ነጭ ፓስታ ባቀረብኩ ቁጥር ‹ማን ታመመ?› ይላሉ። ሥጋው የበግ ነው፣ ሌላ አላገኝም።»
ከመሐል ሜዳ

ወንድሜ፣ ፓስታው ደህና ነው፤ ከፍታው ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃም በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፣ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ደብረ ብርሃን በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ አንተ ዘንድ መንዝ ላይ ከዚያም ያንሳል። ሸዋ ሮቢት ወርደህ ብትቀቅለው ወደ 96 ዲግሪ ታገኛለህ። እሳቱን ብታነድበት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ አይግልም። ስለዚህ የፓኬቱን ቁጥር ለፋብሪካው ተውለትና ሦስት አራት ደቂቃ ጨምረህ ቅመሰው። ድስቱ ተከድኖ ይፍላ፤ ፓስታው ከገባ በኋላ ክዳኑን በትንሹ ከፈት አድርግለት፣ ካለበለዚያ ገንፍሎ ከሰልህን ያጠፋዋል። እህትህም ብትሆን ናዝሬት ካለች ጓደኛዋ ጋር ስትነጻጸር ትንሽ ታስቆያለች፤ ልዩነቱ ስለማይታያት ነው።

የበግ ሥጋ ካለህ አትዘን። የመንዝ በግ ሥጋው ጣዕም አለው፤ ከታፋው አስፈጭተህ አብስለው። ጮማውን ግን አብዝተህ አታስገባ። የበግ ጮማ ሲቀዘቅዝ ቶሎ ይረጋል፤ በእናንተ ብርድ ደግሞ ሳህኑ ጠረጴዛ ሳይደርስ ከንፈር ላይ ሰም ይሆናል። ፓስታውን ስታንጠፈጥፍ ከውሃው ጥቂቱን በሳህኖቹ ላይ አፍስስ፤ ሲሞቁ ውሃውን ደፍተህ፣ ጠርገህ አቅርብባቸው። ሆቴል ቤት ሳህን የምናሞቀው ለታይታ አልነበረም።

አማትህን በተመለከተ፣ ሴትዮዋ በርበሬ ነው የፈለጉት። በርበሬ በወተቱ ላይ ከላይ ብትነሰንስ ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ስለዚህ አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ ከሽንኩርቱ ጋር በቅቤው ውስጥ አቁላላና ከዚያ ዱቄቱን አስከትል። ስጎው የብርቱካን መልክ ይይዛል፣ ልስላሴውም አይጓደልም። አዋዜም በትንሽ ሳህን ከጎን አስቀምጥላቸው። «ማን ታመመ?» ማለታቸውን ባይተዉ ደግሞ ሳህናቸውን አይተህ ፍረድ፤ ባዶ ከሆነ መልስ አግኝተሃል።

«በቲማቲም አድርጌ ወተት ስጨምርበት ፈራርሶ እንደ አይብ ተቋጠረ። ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆነብኝ። የሸዋ ሮቢት ቲማቲም ነው ወይስ ወተቱ ነው ጥፋቱ?»
ነጋዴ፣ ከሸዋ ሮቢት

ቲማቲማችሁን አትንኪ፤ እንዲህ ያለ ቲማቲም ደጋ ላይ ለእኛ አይወጣም። ነገሩ ኮምጣጣና ሙቀት ሲገናኙ የወተቱ ፕሮቲን ይረጋል፤ አይብ ስናወጣ ሆን ብለን የምናደርገው ያንኑ ነው። ቆላ ላይ ደግሞ ጠዋት የታለበ ወተት ለማታ ሲደርስ ባይጎመዝዝም ወደዚያው መንገድ ላይ ነው፤ ትንሽ ቲማቲም ሲነካው ይወድቃል። ሁልጊዜ ከማብሰልሽ በፊት አንድ ማንኪያ ወተት ለብቻው አፍዪ፤ እርሱ ከተቋጠረ ያንን ወተት ለስጎ አታስቢው። ወተቱ ጤነኛ ከሆነ ደግሞ ቲማቲሙን አሳንሺ፣ በዘይት ውሃው እስኪያልቅ አብስዪው፣ ወተቱን ግን ቀደም ብሎ በዱቄት ወፍሮ የጨረሰውን አምጥተሽ ከእሳት አውርደሽ ቀላቅዪ። ዱቄት የገባበት ወተት ከባዶው ወተት ይልቅ ይችላል። ሎሚ የሚጨምሩ አሉ፤ ሳህን ላይ፣ ሲበላ።

የጎረቤት ወተት ከሆነ ደግሞ ቀድመሽ ሳታፈዪ ለምንም አታውዪው። ስጎው ላይ ይፈላል አይባልም፤ ልጅ ከድስቱ ሳይደርስ ከጆጎው ይቀምሳል።

«እትዬ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እኔና ጓደኛዬ ተወራርደናል። ‹ካርቦናራ› ብለው የሚያመጡልን በክሬም የተሠራ ነው። እርሱ ‹እውነተኛው በክሬም ነው› ይላል፣ እኔ ‹አይደለም› እላለሁ። ውርርዱ ሁለት ምሳ ነው።»
ከደብረ ብርሃን

ምሳህን ብላ። ካርቦናራ በጣሊያን የሚሠራው በእንቁላል፣ በጠንካራ አይብ፣ በጨው በደረቀ የአሳማ ጉንጭ ሥጋና በቁንዶ በርበሬ ነው፤ ክሬም የለበትም። አገራችን ላይ አሳማው ብዙም ስለማይበላ እርሱ ተነሥቶ፣ በእንቁላሉ ቦታም ክሬም ገብቶ ስሙ ብቻ ቀርቷል። አልፍሬዶ የሚባለው ነጭ ፓስታም ሮም ውስጥ ሲጀመር ቅቤና ፓርሚጃኖ የሚባለው አይብ ብቻ ነበር፤ ክሬሙ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ የገባበት ነው። ይህን ስል በክሬም የሠሩት ነውር ሠሩ ማለቴ አይደለም፤ ጣፋጭ ከሆነ ብሉት። ለስሙ ብቻ ግን አትክፈሏቸው።

«ፓስታ የጣሊያን ነው፤ እንጀራና ወጥ ያለው ሕዝብ በየመጽሔቱ ስለ መኮረኒ ሲያነብ ያሳፍራል። እርስዎም በዕድሜዎ ይፈሩ።»
ስማቸውን ያልጻፉ፣ ከአንኮበር

ጋሼ፣ የጣርማ በርን ዋሻ በወረራው ዘመን የቆፈረው ጣሊያን ነው፤ በዚህ ምክንያት በገደሉ ዞሮ ደብረ ሲና የወረደ ሾፌር ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። እኔ የደሴ መንገድ ሾፌሮችን ለዓመታት ሳበላ ነበር። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት የተነሣ ሰው «ስፓጌቲ በሥጋ፣ ቃሪያ ይብዛበት» ሲለኝ ያቀረብኩለት የሸዋ በሬ ሥጋ፣ የሸዋ ሽንኩርት፣ የሸዋ ቃሪያ ነበር። እንጀራው የትም አልሄደም፣ ከጎኑ ጠቅልለው ይበሉት የነበሩም ሞልተዋል። እርስዎ ግን ጨጓራዎ የፈቀደውን ይብሉ።

«ቤታችን ረቡዕና ዓርብ እናቴና እኔ እንጾማለን፤ ወንድሞቼና ትንንሾቹ ልጆች አይጾሙም። ሁለት ምግብ ለመሥራት ጊዜ የለኝም። የጾም ነጭ ፓስታ ይኖራል? ሥጋውንስ በምን ልተካ?»
ከሰንበቴ

አለ፤ ወተት አስመስዬ ልሥራ ካልሽ ግን ታዝኛለሽ። የጾሙ ልስላሴ ከድንች ይወጣል። ሁለት መካከለኛ ድንች ከአራት አምስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ጋር እስኪፈርስ ቀቅለሽ፣ ከፓስታው ውሃ እየጨመርሽ በሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ምቺው፤ ወንፊት ካለሽ አሳልፊው። ጎልቶ የማይታይ ነገር ግን ወፍራም፣ ነጭ ስጎ ይሆንልሻል። የሱፍ ውሃ በቤት ካለ፣ እኔ መጨረሻ ላይ ከእሳት ካወረድኩት በኋላ አንድ ኩባያ እጨምርበታለሁ። ለውዝ ወቅጠሽ ብታገቢበትም ያምራል፤ አንድ ማንኪያ እንጂ አይብዛ፣ ካለበለዚያ የለውዝ ቅቤ በፓስታ ይሆናል።

በሥጋው ቦታ እናንተ አገር ያለውን ማሾ አስቢ። ጠዋት ዘፍዝፈሽው ከሄድሽ ማታ በሩብ ሰዓት ይበስላል፤ ሳይፈርስ፣ ፍሬው እንደቆመ አውርጂው። በዘይት፣ በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት አንድ ጊዜ አገላብጠሽ ፓስታው ላይ ጣዪው። ለማይጾሙት ልጆች ከዚሁ ድስት ቀንሰሽ የተጠበሰ ሥጋ ከላይ ታደርጊላቸዋለሽ፤ ማማሰያውን ግን ለየብቻ፣ እናትሽ ሳይናገሩ።

«ከጎረቤት የምገዛው ወተት በወይራ በታጠነ ዕቃ ስለሚታለብ ጭስ ጭስ ይላል። ስጎዬን ያበላሽብኛል?»
ከደብረ ሲና

ከበግ ሥጋና ከባሮ ሽንኩርት ጋር ያሳምረዋል፤ ሰዎች ገንዘብ ከፍለው የሚያገኙትን የጭስ ጣዕም ጎረቤትሽ በነጻ ሰጠችሽ። በዶሮና በአተር እሸት ስትሠሪ ግን ይጫነዋል፤ ያን ቀን ግማሹን ያልታጠነ ወተት ቀላቅዪበት። ገውዝ አትጨምሪበት፣ ጭሱና ገውዙ አይስማሙም።

«የሚቀልጥ አይብ ውድ ነው። የእኛን አይብ ብጨምርበት ለምን አይቀልጥም? እንደ ሩዝ ፍርፍር ብሎ ይቀራል።»
ከዓለም ከተማ

የእኛ አይብ ከጎመዘዘ አሬራ በሙቀት የረጋ ነው፤ እንዲህ የረጋ አይብ ደግሞ እንደገና ብታሞቀውም አይቀልጥም፣ ይደርቃል እንጂ። ስለዚህ እሳት ላይ አታስቀምጠው። በጥቂት ወተትና በጥቂት የፓስታ ውሃ በማንኪያ ጀርባ ፈጭተህ አለስልሰው፣ ድስቱ ከወረደ በኋላ ቀላቅለው። እንደ ክር አይሳብም፤ ግን ይወፍርልሃል፣ ቀለል ያለ ጎምዘዝ ማለቱም ለሥጋው ይስማማል። በአረንጓዴ ቃሪያና በባሶብላ ብታደርገው ደግሞ ሁለተኛ የውጭ አይብ አትጠይቀኝም።

«የተረፈውን ለነገ ምሳ ዕቃ ላይ ስጭንላቸው ልጆቼ መልሰው ያመጡታል፤ ደርቆ እንደ ጡብ ይሆናል።»
ከጫጫ

ሌሊቱን ፓስታው ስጎውን ይጠጣዋል፤ የሚደርቀው ለዚያ ነው። ማታ ለነገ የምታስቢውን ድርሻ ሳህን ላይ ሳይወጣ ቀንሺ፤ ቶሎ እንዲበርድ በሰፊ ዕቃ ዘርግተሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከድነሽ አስገቢው። ማቀዝቀዣ ከሌለሽ አታሳድሪው፤ ወተትና ሥጋ ያለበት ምግብ ብርዱን ተማምኖ አይተውም። ጠዋት ግማሽ ኩባያ ወተት በመጥበሻ አፍልተሽ ፓስታውን አገላብጪበት፣ በደንብ እስኪግል፤ ጨው ይጨምር እንደሆነ ቅመሺ፤ ከዚያ በሚከደን ፔርሙስ ምሳ ዕቃ፣ ቀድሞ በፍል ውሃ ተሞቆ ውሃው በተደፋ፣ ሙዪው። ቆስጣ ያለበትን ለልጆች አትጫኚ፤ እስከ ስድስት ሰዓት ይጠቁርና ክዳኑን ከፍተው ይዘጉታል። ካሮቱና አተሩ ይበቃቸዋል።